በመርሳ ገበያ የሚሸጠው ፖታሲየም



ዛሬ የምናገረው ለአትክልትና ፍራፍሬ ተብሎ ስለሚሸጠው ፈሳሽ ማዳበሪያ ነው። ጠርሙሱ ላይ የቀላ ቲማቲም ወይም የተንዠረገገ ማንጎ ተስሎበታል፤ ፎስፈረስና ፖታሲየም እንዳለበትም ተጽፎበታል። ገበሬው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ነገር ፍሬ ያበዛል ወይስ ገንዘቤን ይበላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከጠርሙሱ ብንጀምር ግን እንሳሳታለን። እኔ ከመርሳ ገበያ እጀምራለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄድ መንገደኛ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው መርሳ ይደርሳል። ብርቱካኑ፣ ፓፓያው፣ ማንጎው፣ ሙዙ ዓይኑን ይስበዋል፤ ገዝቶ ጭኖ ይሄዳል። ከጊራና ሸለቆና ከውርጌሳ ዙሪያ የሚወጣው ቲማቲምና ሽንኩርትም በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። እንግዲህ ፍሬው ሲሄድ ከመሬታችሁ ምን ይዞ ይሄዳል? የምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ይህን በግራም ይነግሩናል። አንድ ኩንታል የሚበላ ሙዝ 360 ግራም ያህል ፖታሲየም ይይዛል። አቮካዶ ከዚያም በልጦ 480 ግራም ይደርሳል። ቲማቲም 240 ግራም አካባቢ፣ ፓፓያና ብርቱካን 180 ግራም ገደማ፣ ማንጎ ደግሞ 170 ግራም ያህል ነው። ከዚያው ኩንታል ቲማቲም ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 24 ግራም ብቻ ነው። በሙዝ 22፣ በብርቱካን 14 ነው። ፍሬ ከፎስፈረስ ይልቅ ፖታሲየምን ዐሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይወስዳል ማለት ነው።

አሁን እኛ ለመሬቱ የምንመልሰውን እንይ። በመስኖ ደህና አድርጎ ያለማ ገበሬ ከአንድ ሄክታር 300 ኩንታል ቲማቲም ቢያነሳ፣ ፍሬው ብቻ 70 ኪሎ ያህል ፖታሲየምና 7 ኪሎ ያህል ፎስፈረስ ይዞ ወጥቷል። ገበሬው የሰጠው ደግሞ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና የተወሰነ ዩሪያ ነው እንበል። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድ፣ 7 በመቶ ድኝ የያዘ ነው። ኦክሳይዱን ወደ ንጹሕ ፎስፈረስ ስንመልሰው አንዱ ኩንታል 16 ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ፍሬው ከወሰደው ከእጥፍ በላይ ነው። ፖታሲየሙስ? ባዶ። ዩሪያም የለውም፤ ዳፕም የለውም። የእኛ የሀብሩ ወረዳ ገበሬ በየዓመቱ ፎስፈረስ እየከፈለ ፖታሲየም ይሸጣል።

ይህ እንዴት ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም። ኤች ኤፍ መርፊ የተባለው ባለሙያ ከብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች አፈር ሰብስቦ አስመርምሮ፣ ውጤቱ በ1968 እ.ኤ.አ. ከሐረማያ፣ ያኔ ዓለማያ ይባል ከነበረው ኮሌጅ ታተመ። አፈራችን በፖታሲየም ሀብታም ነው የሚለው እምነት በባለሙያው ዘንድ ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው። በዘመኑ እምነቱ መሠረት ነበረው፤ በተለይ ከጥቁር ድንጋይ የተፈጠረ አፈራችን ፖታሲየም አላነሰውም ነበር። ስለዚህም ለአርሶ አደሩ የተነገረው ምክር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አንድ ሆኖ ቆየ፦ ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ለጤፍም ያው፣ ለስንዴም ያው፣ ለቲማቲምም ያው። በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረው አገር አቀፉ የአፈር መረጃ ሥራ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ የሚያንሳቸው ሰፋፊ አካባቢዎች እንዳሉ አሳየ፤ ፖታሲየም ያነሳቸውም ተገኙ። ዳፕ በኤንፒኤስ የተተካው ከዚህ በኋላ ነው። ፖታሲየም ግን እስከ ዛሬ ወደ ገበሬው መጋዘን በበቂ አልገባም።

ሀብታም የተባለ አፈር ደግሞ ሀብቱ አያልቅም ማለት አይደለም። የማሽላ አገዳችንን አስቡ። በእህል ሰብል ውስጥ ያለው ፖታሲየም አብዛኛው ያለው በፍሬው ሳይሆን በአገዳውና በገለባው ነው። እኛ ግን አገዳውን ለከብት እንሰጣለን፣ እናነደዋለን፣ ቤት እንሠራበታለን። ከብቱ የበላውም በእበቱ ወደ እርሻ አይመለስም፤ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ ፖታሲየሙና ፎስፈረሱ አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱ ደግሞ ጓሮ ይደፋል። ማሳው በአንድ በኩል በፍሬው፣ በሌላ በኩል በአገዳው ይራቆታል። በዝናብ ብቻ በዓመት አንዴ ሲታረስ ይህ ቀስ ብሎ የሚመጣ ችግር ነበር። መስኖ ገብቶ በዓመት ሁለቴና ሦስቴ ማምረት ሲጀመር ግን ፈጠነ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥቁር አፈር ላይ ለምትሠሩ። የምርመራ ወረቀቱ ፖታሲየም አለ እያለ ተክሉ ሊራብ ይችላል። የእኛ ጥቁር አፈር ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ነው፤ ሁለቱ ሥሩ ደጃፍ ላይ ከፖታሲየም ጋር ይሻማሉ። አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ፖታሲየሙን በንብርብሩ መካከል ይይዘዋል፤ ውኃ ሲተኛበት ሥሩ አየር አጥቶ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ ወረቀቱን ስታነብቡ የፖታሲየሙን መጠን ለብቻው አትዩት፤ ከማግኒዚየሙና ከካልሲየሙ ጋር አስተያዩት።

እንግዲህ ወደ ጠርሙሱ እንምጣ።

ፎስፈረስ ተክሉ ኃይል የሚያዘዋውርበት ንጥረ ነገር ነው፤ ሥር ለመስደድና ዘር ለመቋጠር ግድ ያስፈልገዋል። ፖታሲየም ደግሞ በቅጠል የተሠራውን ስኳር ወደ ፍሬው ያደርሳል፣ ቅጠሉ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ፖታሲየም ያነሰው ቲማቲም በእኩል አይቀላም፤ ትከሻው ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ ውስጡ ነጭ ይሆናል። ያረጁት የታች ቅጠሎች ዳር ዳራቸው እንደተቃጠለ ይደርቃል። እነዚህን ምልክቶች ያየ ገበሬ ፈሳሹን ቢረጭ ጥቅም አያጣም፤ ቅጠል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀበለዋል። እዚህ ላይ የሻጩ ቃል እውነት አለው።

መጠኑን ግን እናስላ። ፎስፈረስና ፖታሲየምን አንድ ላይ ከያዙት ውኃ ውስጥ ከሚሟሙ ማዳበሪያዎች ከጠንካሮቹ አንዱ 52 በመቶ የፎስፈረስና 34 በመቶ የፖታሲየም ኦክሳይድ የያዘው ነው። ቅጠል እንዳያቃጥል በአንድ ሊትር ውኃ 5 ግራም ይበጠበጣል፤ ለ16 ሊትር የጀርባ መርጫ 80 ግራም ማለት ነው። ለአንድ ሄክታር 300 ሊትር ብትረጩ የሄደው ዱቄት አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ከዚያ ውስጥ ያለው ንጹሕ ፖታሲየም ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። አራት ጊዜ ብትረጩት አንድ ኪሎ ከ700 ግራም ገደማ ትደርሳላችሁ። ፍሬው የወሰደው 70 ኪሎ ነበር። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ዱቄት የቀጠነ ነው። የቅጠል ርጭት ለተራበ ጉርሻ ነው፤ ምሳ አይሆንም። ሰባው ኪሎ በሥር በኩል፣ በአፈር ነው መመለስ ያለበት።

በዚህ ስሌት ማንም ቅር እንዳይለው። ጉርሻም ወቅት አለው። ውኃ ተኝቶበት ሥሩ የተዳከመ ማሳ፣ ፍሬ ከያዘ በኋላ ድንገት ጉድለት የታየበት ቲማቲም፣ ብዙ ፍሬ ተሸክሞ የታች ቅጠሉ የሚጠወልግ ፓፓያ፤ በእነዚህ ላይ ርጭት ጊዜ ይገዛል። የማይጠቅመው ጉድለት በሌለበት ለፍሬ ማብዣ ተብሎ ሲረጭ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በአበባ መርገፍ ሰበብ ይመስለኛል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ቆላው ሲግል የቲማቲም አበባ ይረግፋል። ቀኑ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ከ21 ዲግሪ በታች አልወርድ ሲል፣ የአበባው ዱቄት ይመክናል፤ አበባው ሳይቋጥር ይወድቃል። ለዚህ ፎስፈረስም ፖታሲየምም መድኃኒት አይደሉም። መድኃኒቱ የተከላ ወቅትን ማስተካከል፣ ሙቀት የሚችል ዝርያ መምረጥ፣ ውኃውን ሳያቋርጡ መስጠት ነው። የቲማቲሙ ቂጥ ጠቁሮ ሲበሰብስም እንዲሁ ነው፤ ያ የካልሲየም ጉዳይ ነው፣ ብዙ ጊዜም መስኖው አንዴ ሞልቶ አንዴ ስለሚጠፋ የሚመጣ ነው። በዚህ ላይ ፖታሲየም ቢጨመርበት ካልሲየሙን ተሻምቶ ያባብሰዋል። ፎስፈረስም ሲበዛ ዚንክን ያሳጣል፤ ብርቱካን ዚንክ ሲያንሰው ቅጠሉ ያንሳል፣ ይጠብባል፣ በደም ሥሮቹ መካከል ይገረጣል። ገበሬው ይህን አይቶ ተጨማሪ ፎስፈረስ ይገዛል። እንዲህ ያለው ገበሬ ያሳዝነኛል፤ ያልለፋ፣ ያላሰበ ሆኖ አይደለም፣ የሚነግረው በማጣቱ ነው።

ስለ ማንጎ የሚነገረውን ደግሞ ለይተን እንየው። በፊሊፒንስ ራሞን ባርባ የተባለ ሳይንቲስት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማንጎን በፖታሲየም ናይትሬት በመርጨት ያለ ወቅቱ እንዲያብብ ማድረግ ቻለ። መጠኑ በሊትር 10 ግራም ገደማ ነበር። ግኝቱ የፊሊፒንስን የማንጎ ንግድ ለውጦታል፤ እሱንም አገሩ በብሔራዊ ሳይንቲስትነት አክብራዋለች። ይህን ዜና በስማ በለው የሰማ ሰው ፖታሲየም ማንጎ ያሳብባል ብሎ ይደመድማል። የሚያነቃቃው ግን በዋናነት ናይትሬቱ ነው፤ አሞኒየም ናይትሬትም ተሞክሮ አበባ አውጥቷል። የሚሠራውም ቅጠሉ በደንብ በበሰለ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነው። ፎስፈረስና ፖታሲየም የያዘ ጠርሙስ ናይትሬት ከሌለው ይህን ሥራ አይሠራም። ሀብሩ ውስጥ ማንጎ ያላችሁ ሰዎች መሞከር ከፈለጋችሁ ጥቂት ቅርንጫፍ ላይ፣ ከባለሙያ ጋር ሆናችሁ ሞክሩት።

ጠርሙሱን ስትገዙ የምታነብቡትን በአጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው፣ መለያው ላይ ያለው ቁጥር የኦክሳይድ መጠን ነው፤ ንጹሑን ለማወቅ የፎስፈረሱን በ0.44፣ የፖታሲየሙን በ0.83 አባዙ። ቀጥሎ ፎስፌት ወይስ ፎስፋይት የሚለውን ለዩ። ፎስፋይት ለብርቱካንና ለአቮካዶ ሥር አበስባሽ በሽታ የሚጠቅም ነገር ነው፣ እንደ ምግብ ግን ተክሉ አይጠቀምበትም፤ ማዳበሪያ ተብሎ ሲሸጥ ይገኛል። መቼም ቢሆን ፎስፈረስ ያለበትን ከካልሲየም ናይትሬት ጋር በአንድ መርጫ አትበጥብጡ፤ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል፣ መርጫውንም ይደፍናል። ከመዳብ ፀረ ፈንገስም ጋር አታዋሕዱት። በጠብታ መስኖ የምትሰጡ ሰዎች ውኃችሁ ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ አስቀድማችሁ በባልዲ ፈትኑት። ርጭቱ ማለዳ ወይም ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይሁን፤ በቀትር የተረጨ ቅጠል ይቃጠላል።

አሁን ወደ ሰባው ኪሎ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። በአፈር የሚሰጥ የፖታሽ ማዳበሪያ ክሎራይድና ሰልፌት በሚባሉ ዓይነቶች ይመጣል። ክሎራይዱ 60 በመቶ የፖታሲየም ኦክሳይድ ይይዛል፤ 70 ኪሎ ንጹሕ ፖታሲየም ለመመለስ አንድ ኩንታል ከ40 ኪሎ ገደማ ይጠይቃል። አቮካዶ ግን ክሎራይድ አይችልም፤ ለእሱ ሰልፌቱ ይሻላል። ማዳበሪያው ካልተገኘስ? ደጃችን ላይ ያለ ፈሳሽ ፖታሲየም አለ፤ የከብት ሽንት ነው። ላም ከበላችው ፖታሲየም አብዛኛው የሚወጣው በሽንቷ ነው፤ ፎስፈረሱ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም በእበቷ ይወጣል። እኛ እበቱን እንሰበስባለን፣ ሽንቱ በረት ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል። የበረቱን ወለል ወደ አንድ ጥግ አዘንብሎ ቦይ ማውጣት፣ ጥጉ ላይ ክዳን ያለው ዕቃ መቅበር፣ ይህን ማድረግ ካልተቻለም የጤፍ ገለባ ጎዝጉዞ ሽንቱን እንዲመጠው ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም። ክዳኑ የግድ ነው፤ አለዚያ ናይትሮጅኑ ይተናል። አንድ ጀሪካን ሽንት ከአምስት እስከ ዐሥር ጀሪካን ውኃ ተቀላቅሎ በእርጥብ አፈር ላይ፣ ከግንዱ ራቅ ተደርጎ ይፈሳል። ቅጠልና ፍሬ ላይ አይረጭም። ናይትሮጅኑም ብዙ ስለሆነ ይህን የሰጠ ሰው ዩሪያውን ይቀንስ፤ አለዚያ ተክሉ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

አመዱም ቢሆን አይጣል። ነገር ግን የቆላው አፈራችን ኮምጣጣ ስላልሆነ በገፍ መበተን አይገባም፤ አመድ አፈሩን ይበልጥ ወደ ኮምጣጣነት ተቃራኒ፣ ወደ አልካላይነት፣ ይወስደዋል። ለዛፍ ሥር በስሱ፣ ወይም ኮምፖስት ውስጥ እየተነሰነሰ ይግባ። ከዩሪያ ጋር አትቀላቅሉት። ሙዝ ያላችሁ ደግሞ ዘለላው የተቆረጠለትን ግንድ ከማሳው አታውጡ፤ እዚያው ተቆራርጦ ይበስብስ፣ ፖታሲየሙ ለቀጣዩ ቡቃያ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ከወረዳችን ወጣ ብዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ፖታሽ ከውጭ በውድ ምንዛሪ የሚመጣ ሆኖ ይወራል። ከእኛ በስተሰሜን፣ በአፋር ዳሎል፣ ሰፊ የፖታሽ ክምችት አለ። ጣሊያኖች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያወጡት ነበር፤ በ1918 እ.ኤ.አ. ከቀይ ባሕር ወደብ ከመርሳ ፋጥማ ተነስቶ ወደ ዳሎል አቅጣጫ የሚገባ ባቡር ተዘርግቶለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኩባንያ መጥቶ ቆፈረ፣ አጠና፣ ሄደ። ያ ሀብት እዚያው ተኝቶ የሀብሩ ብርቱካን ፖታሲየም መራቡ የሚያስቆጭ ነው። ፖሊሲ የምታወጡ ሰዎች ይህን ቃሌን ስሙልኝ፤ የማዳበሪያ ግዢ ሲታቀድ ለመስኖና ለፍራፍሬ አካባቢ ፖታሽ ይካተት።

ምርምሩንም እጠይቃለሁ። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2013 እና 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ንብረቱ ተዘርፎ፣ ተጎድቶ የተነሳ ነው፤ ለማሽላ የሠራውን ሁላችንም እናውቃለን። አሁን በገበሬው ማሳ ላይ፣ በቲማቲም፣ በብርቱካንና በማንጎ የፖታሲየም ሙከራ እንዲሠራልን እንፈልጋለን። በአንድ መደብ ኤንፒኤስ ብቻ፣ በሌላው ከፖታሽ ጋር፣ በሌላው ከከብት ሽንት ጋር፣ በሌላው ከርጭት ጋር። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመርሳ ግቢ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርዕስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ።

እናንተ አርሶ አደሮች ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ የመስኖ ተከላ ከመጀመሩ በፊት አፈራችሁን አስመርምሩ። ከማሳው ከዐሥርና ከዚያ በላይ ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ንጹሕ በሆነ ባልዲ ሰብስባችሁ ደባልቁና ግማሽ ኪሎ ያህሉን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ ስጡ፤ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም እንዲለካላችሁ በስማቸው ጠይቁ። ፈሳሹን የገዛችሁም እርጩ፤ ከመካከሉ አንድ መደብ ግን ሳትረጩ ተዉ። ስትለቅሙ የሁለቱን ለየብቻ መዝኑ፣ ጻፉት፣ ለጎረቤታችሁም አሳዩት።